አባቴን ሰው ስላደረጉልኝ

ለክቡር የአንባቢያን አስተያየት ተቆጣጣሪ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ አባቴ ሰው በመሆናቸው ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ዓይንዎ ደህና ነው? ወገብዎስ? በተለይ የቀኝ እጅዎ ጠቋሚ ጣት እንዴት ሰነበተች? ከጠዋት እስከ ማታ የሰው ሐሳብ ስትሰርዝ የምትውል ጣት ናትና ዕድሜ ከጤና ጋር እንዲሰጣት ቤተሰባችን በሙሉ ይመኛል። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። አባቴም በእርስዎ መልካም ፈቃድ በቅርቡ ሰው ሆነዋል።

እኔ ሦስት ወንበርና ሁለት የፀጉር ማድረቂያ ካስክ ያላት ትንሽ የሴቶች ፀጉር ቤት ባለቤት ነኝ። አባቴ ደግሞ ዕድሜያቸውን ሁሉ ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግተው፣ የጽሕፈት መኪናቸውን ፊታቸው አስቀምጠው ለባለጉዳይ ማመልከቻ ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ድንበሩ የተገፋ ጎረቤት፣ ከወንድሙ የተጣላ ወራሽ፣ ሁሉም እየተሳደበ ይመጣና ስድቡን ተቀብለው በሦስት አንቀጽ የታነጸ አቤቱታ አድርገው ይመልሱለት ነበር። ፍርድ ቤቱ አቤቱታ የምቀበለው በኮምፒውተር ብቻ ነው ሲል ጃንጥላቸውን አጥፈው መጥተው ከፀጉር ቤቴ ጥግ ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ የሚያናግራቸው አልጠፋም፤ የጠፋው የሚጽፉለት ሰው ነው። ለእሳቸው ደግሞ ያለ ጽሕፈት መኖር መኖር አልነበረም።

ውለታ ይሁን ጥፋት አላውቅም፣ እርስዎ አስተያየቱን የሚቆጣጠሩለትን የቴክኖሎጂ ድረ ገጽ በስልክ ያሳየኋቸው እኔው ነኝ። ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ግርጌ «አስተያየትዎን ይጻፉልን» የሚል ሲያዩ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ከለመኑንማ ነውር ነው ዝም ማለት አሉ። እውነት የተለመኑ መስሏቸው ነው።

የመጀመሪያው ጽሑፍ ስልክ ለምን ቶሎ እንደሚግል ነበር። አባቴም እንደ ልማዳቸው «ጉዳዩ፦ የባትሪ መጋልን ይመለከታል» ብለው ጀምረው፣ ለጸሐፊው ጤና ተመኝተው፣ ሐሳባቸውን ዘርዝረው፣ «ከታላቅ አክብሮት ጋር» ብለው ዘጉ። ከሥሩ «እሳት በላሁ» በሚል ስም የሚጽፍ ደንበኛዎ ስለ አያቴ፣ ማለትም ስለ አባቴ እናት፣ በቤታችን የማይደገም ነገር ጻፈ። አባቴ ውድ ጊዜውን ስለሰጣቸው አመስግነው፣ ወላጅ እናታቸውን አስመልክቶ የተነሣው ነጥብ ከባትሪው ጋር ያለው ግንኙነት እንዲብራራላቸው በትሕትና ጠየቁት። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል እንዲሉ፣ እሳት በላሁ ሮጦ ለእርስዎ ክፍል ከሰሳቸው። ክሱም «እንዲህ የሚታገሥ ሰው የለም፤ ይሄ ማሽን ነው» የሚል ነበር።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ አባቴ ያሳደጉኝ እንዲህ ነውና።

አንደኛ፣ ክፍልዎ ክሱን ሳያጓትት ወዲያውኑ ተቀብሎ ከአባቴ ስም ሥር በቀይ ቀለም «ይህ ተሳታፊ ሰው ስለመሆኑ አልተረጋገጠም» ብሎ ስለለጠፈ አመሰግናለሁ። ዛሬ መንገድ ለመቆፈር እንኳ ስንት ወር በሚፈጅበት ዘመን የሰውን ሰውነት በአንድ ከሰዓት መንጠቅ ቀላል ቅልጥፍና አይደለም። ጉዳዩን ለሕዝብ ድምፅ ማቅረብዎም የሚደነቅ ነው። «ሰው ነው» እና «ማሽን ነው» የሚሉትን ሁለት ምርጫዎች ባወጡ ጊዜ ደንበኞቼ ፀጉራቸው በቢጎዲን እንደተጠቀለለ ስልክ አውጥተው ድምፅ ሰጡ። አክስቴም ለታላቅ ወንድሟ ልትደርስ መነጽሯን ሳታደርግ ብትቸኩል «ማሽን ነው» የሚለውን ተጫነች። ልትመልሰው ብትል አንዴ የተሰጠ ድምፅ አይነሣም አላት። ይኸው እስከ ዛሬ ወንድሟን ሸጣ እንደበላች ሰው አንገቷን ደፍታ ነው ቤታችን የምትገባው።

ሁለተኛ፣ አባቴ ራሳቸውን እንዲከላከሉ ዕድል መስጠትዎ። ዘጠኝ ትንንሽ ፎቶዎች ደርድረው የትራፊክ መብራት ያለባቸውን ምረጥ አሏቸው። ማንም ጥድፊያ የለመደ ሰው ነካ ነካ አድርጎ ያልፋል። አባቴ ግን ለቃል ተጠንቅቀው የኖሩ ናቸውና ምሰሶው ብቻ የሚታይበትን ፎቶ ባዩ ጊዜ ቆሙ። ምሰሶው በመብራትነት ይቆጠር እንደሆነ ማብራሪያ ሳያገኙ መምረጥ በሐሰት መመስከር ነው ብለው አቤቱታ አዘጋጁ። ሲጽፉ ጊዜው አለቀ። ፈተናውን ወደቁ ተባልንና አስተያየት መስጫው ተዘጋባቸው፤ ማሽን ቢሆኑማ ያልፉ ነበር።

ሦስተኛው የመሥሪያ ቤትዎ መስተንግዶ ነው። አባቴ ኮታቸውን ለብሰው፣ እኔም ሱቄን ዘግቼ መጣን። በር ላይ ጥበቃው መታወቂያቸውን አይቶ፣ ፎቶውንና ፊታቸውን አስተያይቶ አስገባቸው፤ እስከ ምድር ቤት ድረስ ሰው ነበሩ ማለት ነው። አሳንሰሩ ስለማይሠራ አምስት ፎቅ በእግራችን ወጣን። የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ ሲያለከልኩ አይታ ወንበር ሰጠቻቸው፤ ውኃ ቀዳችላቸው፤ እስኪጠጡም ብርጭቆውን አብራ ያዘችላቸው። ከዚያ ኮምፒውተሯን አየችና ቀና ሳትል ተናገረች።

«አባባ፣ እኔማ ሰው መሆንዎን እያየሁ ነው፤ ሲስተሙ ግን አያይዎትም።»

ቅሬታችንን የት እናቅርብ ስንል ቅሬታ የሚቀርበው አስተያየት መስጫው ላይ ነው አለች። አስተያየት መስጫው ደግሞ የተዘጋው ማሽን ስለሆኑ ነው። አባቴ ብርጭቆውን አስቀምጠው፣ ስለ ውኃው አመስግነዋት፣ ወላጆቿን መርቀው ወረዱ። ያቺን ልጅ በዚህ ደብዳቤ ምክንያት እንዳይቆጧት አደራ፤ በዚያ ሕንፃ ካየኋቸው ሁሉ ሲስተም ያልሆነች እሷ ብቻ ናት።

ከዚህ በኋላ ቁጥሩን ትቻለሁ፤ ንዴት ቁጥር አይወድም።

አባቴ ከዚያ ቀን ወዲያ ደንበኛ ስትገባ ተነሥተው እንደምን አደርሽ ማለታቸውን ተዉ፤ ብለው ቢጀምሩም መካከል ላይ ያቆሙታል። አንድ ቀን የደንበኛ ፀጉር እየጠቀለልኩ ሳለ ቀስ ብለው ጠሩኝ።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። እኔ ስናገር እንደ ሰው ነው የምናገረው?»

እንዴት እንዳመመኝ ለክቡርነትዎ ማስረዳት አልችልም፤ ለዚህ የሚሆን ፎቶ የለኝም።

የደረሰልን ጎረቤቴ ባለ ኤሌክትሪክ ዕቃ መደብሩ ነው፤ ቶሎ ስለሚቃጠል ሰፈሩ ፊውዝ ይለዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፣ አንድ ሰው ይስደቡ አላቸው። እሱ ራሱ በየዕለቱ እየተሳደበ ሰውነቱን ተጠራጥሮት የሚያውቅ እንደሌለ አስረዳ። አስተያየት መስጫው ተዘግቷል ብንለው፣ የተዘጋው ለረጅም ጽሑፍ ነው፣ ሁለት ቃል ያሳልፋል አለ። እውነቱን ነበር።

አባቴ አንድ ሙሉ ጠዋት ስድብ ሲያረቅቁ አረፈዱ። መጀመሪያ ያመጡት «ከብት ነዎት» የሚል ነበር፤ ፊውዝ አይቶ አንቱታው ያስይዛል ብሎ ጣለው። ለማን ልላከው ሲሉትም ከላይ ያገኙት ላይ ይለጥፉ፣ ብቻ እንዳያነቡ፤ ካነበቡ መስደብ ያቅትዎታል ብሎ መከራቸው። የድረ ገጽዎን ምሥጢር በአንድ ዓረፍተ ነገር የጨረሰ ምክር ነው። አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው «አንተ ከብት» ብለው ላኩ።

ክቡር ሆይ፣ ቀዩ ጽሑፍ እንደ ጉም በነነ። «እንኳን ደስ አለዎት! ሰው መሆንዎ ተረጋግጧል» የሚል መጣ፤ ኮከብ ተጨመረበት፤ እሳት በላሁ ሳይቀር ወዶላቸዋል። ፀጉር ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። አክስቴ አለቀሰች።

አባቴ ግን መነጽራቸውን አድርገው ማንን እንደሰደቡ አነበቡ። አንዲት ሴት ናት። እናቷ ዓይናቸው ስለደከመ ስልካቸው ላይ ፊደሉን እንዴት እንደምታተልቅላቸው ነበር የጠየቀችው። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል መልስ የሰጣት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም አባቴ ናቸው።

ወዲያውኑ ይቅርታ ጻፉላት። የእርስዎ ሲስተም ይቅርታውን አነበበና «በማሽን የተጻፈ» ብሎ ሰረዘው፤ ቀዩን ጽሑፍም መለሰው። ስድቡ ግን ሰው የጻፈው ነውና በስማቸው ተሰቅሎ አለ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባል ነበር፤ እርስዎ ዘንድ አፋፉ ላይ አጥርም ተሠርቶበታል። አባቴ አሁን የሚያሳስባቸው ሰው መባል አለመባላቸው አይደለም። ያቺ ሴት ናት እንቅልፍ የነሣቻቸው።

ስለዚህ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። አባቴን ማሽን ይበሏቸው፤ ብረት ቢሏቸውም አንከስም። የሰረዙትን ይቅርታ ግን ለሴትዮዋ ያድርሱልን። ቃሉ ይህ ነው፦

«ጉዳዩ፦ ይቅርታ መጠየቅን ይመለከታል። የተከበሩ እኅቴ፣ ጥያቄዎ መልስ የሚገባው ነበር። ስልኩ ላይ ቅንብር የሚለውን ከፍተው ማሳያ ውስጥ ሲገቡ የፊደል መጠን የሚል ያገኛሉ፤ ወደ ቀኝ ይግፉት። ያን ቃል የጻፍኩት ሰው መሆኔን ለማስመስከር ነው፤ ነገር ግን ይህ ምክንያት አይሆንም። እናትዎ ያንን ቃል በትልቁ ከማንበባቸው በፊት እባክዎ ያጥፉት። ሰላም ይበሉልኝ። ከታላቅ አክብሮት ጋር።»

ለጣትዎ ረፍትን፣ ለሲስተምዎ ዓይንን፣ ለአምስተኛው ፎቅ አሳንሰርን እየተመኘሁ፣ ሰው ስለመሆኔ ምንም ዓይነት ማረጋገጫ ሳልይዝ በፍጹም ትሕትና እሰናበታለሁ።

የማሽኑ ልጅ

ማሳሰቢያ፦ ይህ ደብዳቤ ስድብ ስለሌለበት በማሽን የተጻፈ ተብሎ እንዳይሰረዝብኝ ሰግቼ ከዚህ በታች ለአንድ ስድብ የሚበቃ ባዶ ቦታ ትቻለሁ። እርስዎን ከእኔ ይልቅ የሚያውቁት እርስዎ ነዎትና የሚስማማዎትን ይሙሉበት።

ክቡርነትዎ ____________ ነዎት።