ኢንጂነር ለምን

ጥር 14፣ 2001 ዓ.ም.፣ ጠዋት 1 ሰ.

ዛሬም ነዘረኝ። ወተት ላወጣ ፍሪጁን ስነካ፣ እስከ ክርኔ ድረስ። ወተቱ ወለል ላይ። ትናንት የሻወሩ ቧንቧ፣ ከትናንት ወዲያ የኤሌክትሪክ ምድጃው። ክረምቱን ሙሉ ደህና የነበረ ቤት! በጋው ጠንከር ሲል ብረት የተባለ ሁሉ ጠላቴ ሆነ።

በገዛ ቤቴ ጎማ ጫማ አድርጌ ሻይ አፈላለሁ። ደምሴ፣ ባሌ፣ ኢንጂነሩ፣ ሚዛን ከተማ ይህን ቤት ስንሠራ ሽቦውን ለማንም አላስነካም። ባለፈው የካቲት ሞተ። ይኸው ሞቶም አላስቀመጠኝም። ላንቺ ነው የምነግርሽ ደብተሬ። የባሌ ሥራ ነዘረኝ ብል ሰው ይስቅብኛል።

ጥር 15

ግርማ ደወለ፣ የደምሴ ታናሽ ወንድም፣ ከአ.አ.። ለሙት ዓመቱ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ጽፎ በሰው እጅ ልኮልኛል። አንድ ገጽ። ተወለደ፣ ተማረ፣ በቅንነት አገለገለ፣ ዐረፈ። ስሙን ብትቀይሪው ለማንም ይሆናል። ጡረታ ብወጣም አስተማሪ ነኝና በቀይ እስክሪብቶ ከላይ እስከ ታች ሰረዝኩት።

የሚያሳፍር ነገር እንዳይነሳ አደራ አለኝ። የሚያሳፍር ማለት የፈጠራ ሥራው ነው። ለቀስተኛ ይስቃል ብሎ ፈርቶ። ተናደድኩና ራሴ እጽፈዋለሁ አልኩት። አፌ ቀደመኝ።

ጥር 17፣ ከቀኑ 9 ሰ.

ጽሑፉ እምቢ አለኝ። ምን ብዬ ልጻፍ? የቡናው ደወል ይጻፍ? ደጅ የተሰጣው ቡና ላይ ጠብታ ሲያርፍ ቤት ውስጥ የሚጮኽ ደወል ሠራ። ሁለት የቆርቆሮ ቁራጭ፣ ባትሪ፣ ሌላም የማይገባኝ ነገር። ዝናብ ሲመጣ ይጮኻል። ጉም ሲወርድም ይጮኻል፣ ሚዛን ደግሞ ጉም መቼ አጥታ! ዶሮ ኩሷን ስትጥልበትም ይጮኻል። ስንት ጊዜ ሸራ ተሸክመን ፀሐይ ላይ ቆመናል። እኔ ስራገም እሱ ቁጢጥ ብሎ ለምን ጮኸ ይላል።

ለምን፣ ለምን፣ ለምን። ሰፈሩ ኢንጂነር ለምን ያለው ወዶ አይደለም። በሠርጋችን ሰሞን የአባቴን ስጦታ ሬዲዮ ፈታው፣ ድምፁ ለምን እንደሚነፋነፍ ሊያይ። ሸኮ አካባቢ አንድ ወንዝ ላይ በብስክሌት ጎማ ተርባይን ሠርቶ ለት/ቤቱ መብራት አበራ። ሰዉ ጨፈረ። ብዙም ሳይቆይ ጎርፍ ወሰደው። ሌላ ሰው ቢሆን ያዝናል። እሱ ወንዙ ለምን ያን ያህል እንደሞላ ሊያይ ሽቅብ ሄደ፣ ለእራትም አልመጣም።

እስቲ ይህ ይነበባል?

ጥር 19

አዱኛ የሚባል የመብራት ሠራተኛ አስጠራሁ። ጣሪያ ወጣ፣ ግድግዳ መታ። የመኝታ ቤቱ ማብሪያ ሽንት ቤቱን ለምን እንደሚያበራ ጠየቀኝ። በጨለማ እንዳልደናቀፍ አስቦልኝ ነው አልኩት። ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

የቱ ሽቦ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፣ ሁሉም ተነቅሎ እንደ አዲስ ካልተዘረጋ እጄን አላስገባም አለ። ጥር 29 ሊነቅል ተቀጣጠርን። ይነቀል! ጎማ ጫማ ሰልችቶኛል።

ሲሄድ የመኝታ ቤቱን ማብሪያ አበራሁ፣ አጠፋሁ፣ አበራሁ። በቀን። ጅል።

ጥር 22፣ ከቀኑ 8 ሰ.

ወርቄ፣ የአጥር ጎረቤቴ፣ መጣች። ስለ መንዘሩ ሰምታለች፣ አዱኛ አውርቷል ማለት ነው። ብዙ ተቅለሰለሰች። አትቆጪኝና ውኃውን ለምን ተውሽው አለች። የምን ውኃ አልኩ። ጓሮ፣ ከሎሚው ሥር የምታፈሺውን።

ጉድ በይ ደብተሬ! ደምሴ ከሎሚው ሥር ቆፍሮ ከሰልና ጨው ሲቀብር ሰፈሩ አይቷል። እኔም በየበጋው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በጀሪካን ሳጠጣው አይቷል። እነዚህ ሰዎች ውቃቢ አላቸው ተብሎ ተወርቷል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ንስሐ አባቴ ስለ ባዕድ አምልኮ ነጋ ጠባ የሚመክሩኝ ለዚህ ኖሯል! እኔ ደግሞ ለሁሉም የሚሉት መስሎኝ አሜን እላለሁ።

ደሜ ፈላ። እሷ ግን የምሯን ነው፣ እጄን ይዛ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

"እትዬ ሙሉ፣ ውኃው ስለቀረበት ነው እኮ የሚነዝርሽ።"

ላባርራት አፌን ከፈትኩ። ግን ትቻት ወደ ሎሚው ሄድኩ።

ያው ቀን፣ 10 ሰ.

መዳብ። ከከሰሉና ከጨው መሃል፣ ከቤቱ ብረት ሁሉ ጋር በሽቦ የተያያዘ ረጅም የመዳብ ዘንግ ተቀብሯል። ነግሮኝ ነበር። መብራት መንገድ ሲስት መሄጃ ይፈልጋል፣ መሬት ይቀበለዋል፣ የደረቀ መሬት ግን አይቀበልም። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር፣ ሙሉ፣ መሬቱ ጠማው ይለኛል። እያጉረመረምኩ አጠጣለሁ። የተማሪ ፈተና አለ፣ ቡናው አለ፣ የሱን ስንቱን "ለምን" ልስማ?

ክረምት ዝናቡ አጠጣው። በጋው የኔ ተራ ነበር፣ አስታዋሽ አጥቼ ረሳሁት። አዱኛ ጣሪያ ላይ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ።

የወርቄ ነገር ነው የሚያበግነኝ። ልክ ናት እኮ!

ጥር 23፣ ቅዳሜ፣ ረፋድ 4 ሰ.

በጠራራ ፀሐይ አጠጣሁ። ወርቄ በአጥሩ ቀዳዳ ታያለች። እንደምን አደርሽ አልኳት ጮክ ብዬ። በጀሪካን ላይ ጀሪካን። መሬቱ ሁሉንም ጠጣው።

ቆየት ብዬ ጎማ ጫማውን አውልቄ ፍሪጁን ያዝኩ። ምንም። ቧንቧውን። ምንም። ምድጃውን። ምንም። ደስ ሊለኝ ሲገባ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለቀብሩም እንዲህ አላለቀስኩ። እየነዘረኝ ስሰድበው አለ መስሎኝ ነበር። ዝም ሲል ቤቱ ባዶ ሆነብኝ።

ለአዱኛ ደወልኩ፣ መብራት የሚያፈሰው ፍሪጁ ሳይሆን አይቀርምና እሱን ብቻ ይጠግን፣ ሽቦው አይነቀልም። ለግርማም ደወልኩ። ሬዲዮውም፣ ደወሉም፣ ጎርፍ የወሰደው ተርባይንም ይነበባል፣ አንባቢዋም እኔ ነኝ። ሰው ይሳቅ። እሱ ራሱ ይስቅ ነበር። ወርቄም ለሙት ውኃ ታፈሳለች ብላ ብታወራ ከዛሬ ወዲያ አልዋሸችም። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ

የቡናው ደወል ጮኸ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ጉም የለም። ዶሮዎቹም እዚሁ እግሬ ሥር ናቸው። ታዲያ ለምን? ቆዪኝ፣ አይቼ