አውፍ በሉኝ እያልክ መዞርህን ሰምቼ

ለምወድህ ወንድሜ ለሳቢር፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ከርመሃል የእናቴ ልጅ? ጤናህስ? በዘመቻ የቆሰለው እግርህ ብርዱን እንዴት ቻለው? እህል ይበላልሃል? እንቅልፍ ይወስድሃል ወይስ ጣራውን ስታይ ታነጋለህ? የሐርቡ ሰው፣ ከብቱ፣ ማሽላው ሁሉ ሰላም ነው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። የማዳም ልጆች ጆሮዬን ቢያደነቁሩትም፣ ናፍቆታችሁ ቢበረታብኝም ጤናዬ ሙሉ ነው።

ስልክህን ለእህታችን ለሲሀም ስለሰጠሃት ድምፅህ ራቀኝ። በእሷ በኩል ሳስጠራህ ተኝቷል ትለኛለች። ስለዚህ እንደ ድሮ ሰው ብዕር አነሳሁ። ደግሞም በስልክ ቢሆን "ደህና ነኝ፣ አታስቢ" ብለህ ትዘጋብኝ ነበር። አንድ ያየሁት ነገር አለ፤ ካየሁት ወዲህ በመገረም አፌን እንደከፈትኩ ነኝ፤ ታግሰህ አንብበው።

ጁምዓ ከሥራ ሳርፍ ኹበር፣ ራውዳ ዘንድ እንደምሄድ ታውቃለህ። ራውዳ የወረባቦ ሰው ናት፤ ዓባያ ትሰፋለች፤ ምላሷ ከመቀሷ የሰላ ነው። የወሎ ልጆች የምንሰበሰበው እሷ ቤት ነው። ከመካከላችን ጀነት የምትባል አለች፤ በየመን በኩል ባሕር አቋርጣ የመጣች፣ ኢቃማ የሚሉትን የመኖሪያ ወረቀት ይዛ የማታውቅ፣ በየሰው ቤት ተደብቃ የምታጸዳ ልጅ ናት። አንድ ጁምዓ ይህች ጀነት ከእያንዳንዳችን ፊት እየተቀመጠች፣ አውፍ በይኝ፣ ያስቀየምኩሽ ካለ ለአላህ ብለሽ ተይልኝ ማለት ጀመረች። ለእኔ ሻሿን፣ ለሌላዋ ብርድ ልብሷን ሰጠች። አገሩ የሚገባ ሰው እንዲህ እየዞረ ይቅርታ ይጠይቅ የለ? እኛም የመውጫው ወረቀት፣ ኹሩጅ፣ ተሰጥቷት ልትገባ ነው ብለን እልል አልን። እኔማ ለእማማ የምልከውን ሽቶ ልታደርስልኝ ቃል አስገባኋት።

ራውዳ ግን እልል አላለችም። አገሩ የሚገባ ሰው ሻንጣው እስኪተረተር ይሞላል እንጂ ያለውን በትኖ አይሄድም። ጀነት አገር ቤት ላለችው ልጇ ገዝታ ያስቀመጠችውን ቀሚስ ሳይቀር ለሰው ልትሰጥ ስታወጣ፣ ራውዳ የምትሰፋውን ጥላ ተነሳች። አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና እጇን ይዛ፣ ጀነት፣ ራስሽን ልታጠፊ አስበሻል ወይ አለቻት።

ሳቢር፣ እኔ አስተግፊሩላህ ብዬ አፌን ያዝኩ። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር በስሙ አይጠራም፤ ስሙን ያነሳ ሰው ነገሩን የጠራው ይመስለናል። አሁን ትቆጣለች፣ አሁን ተነስታ ትወጣለች ብዬ ስጠብቅ ጀነት ራውዳን ትክ ብላ አየቻትና አዎ አለች። ከዚያ በኋላ ለቅሶው መጣ። ጀልባው ላይ አብረዋት ተሳፍረው ያልደረሱትን ሁሉ በስማቸው እየጠራች አለቀሰች። ራውዳም አልገሠጸቻትም፣ ጀሀነም አላለቻትም። እንኳን ነገርሽኝ፣ ከእንግዲህ ብቻሽን አትሆኚም ብቻ አለቻት። ሱብሐነላህ! እኛ በእልልታ ልንሸኛት የነበረችውን ልጅ እሷ በአንድ ጥያቄ መለሰቻት። ሰው እንዲህ ያለ ኃይል በአፉ ይዞ እንደሚኖር አላውቅም ነበር።

ራውዳ ልብስ የምትሰፋላት አንዲት ሱዳናዊት ሐኪም አለች። ወረቀት አለሽ የለሽም ሳትል ጀነትን ተቀብላ ማከም ጀመረች። እኔም አብሬ ተቀምጬ ነበር። ይህች ሐኪም በአገሯ ከጦር ሜዳ የተመለሱ ወታደሮችን ታክም ነበርና ስለነሱ ነገረችን። እንቅልፍ ያጣሉ አለች። ጓዶቻቸው ወድቀው እነሱ በመትረፋቸው ያፍራሉ። ቁስሉ ከሥራ ሲያስቀራቸው ለቤተሰብ ሸክም የሆኑ ይመስላቸዋል፤ ከሰው ይሸሻሉ፤ መሣሪያ ደግሞ ከእጃቸው አይርቅም። ሰው ቤት ተዘግታ የምትኖር ሠራተኛም፣ ጓደኛውን ባሕር የበላበት ስደተኛም ሕመማቸው የዚያው ዘመድ ነው አለች። አብዛኞቹ የሚፈልጉት መሞትን ሳይሆን ሕመሙ እንዲያቆም ነው፤ መጠየቅም ሐሳቡን በሰው ልብ አይዘራም፣ ያስተነፍሰዋል እንጂ አለችን። አንተን ሳታይህ ከእኛ ጋር አንድ ቤት የከረመች ይመስል ነበር።

ጀነት አሁን ራውዳ ዘንድ ናት። አንዳንድ ቀን ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች፤ ግን ከብዶኛል ብላ ትናገራለች። ሌላ ቀን ደግሞ ራውዳን ወጥሽ ጨው በዛበት ብላ ትነዘንዛታለች፤ ያን ንዝንዝ ስንሰማ እኛ ደስታችን ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ ለእማማ ደወልኩ። ደስ ብሏት ነበር። ሳቢር ዱንያን ናቀ፣ ጎረቤቱን ሁሉ እየዞረ አውፍ በሉኝ ይላል፣ ጃኬቱን እንኳ ለአጎታችን ልጅ ለዓብዱ ሰጠው አለችኝ። የያዝኩት ብርጭቆ ከእጄ አመለጠ። ማዳም ሙሽኪላ፣ ችግር አለ ወይ እያለች መጣች። ወንድሜ፣ ሐጅ አትሄድ፣ ዘመቻ አልተጠራህ፤ ወዴት ልትሄድ ነው?

አትቆጣኝ፤ የፈራሁትን ለእማማም ለዓብዱም ነግሬያቸዋለሁ። ዓብዱ የአባባን ጠመንጃ ከቤት ያወጣው፣ መኝታውንም አንተ ዘንድ ያደረገው በእኔ ቃል ነው። ደሴ ድረስ ሐኪም ዘንድ አብሮህ ይሄዳል፤ እሺ በለው። ሸክም ነኝ የምትል ከሆነ ደግሞ ስማኝ፤ ከዘመቻ እያነከስክ ስትገባ እማማ ደጃፍ ላይ ተደፍታ መሬት የሳመችው ሸክም መጣልኝ ብላ አልነበረም። እኔንም አውፍ በይኝ ብለህ እንዳትልክብኝ፤ አልልህም። በልጅነታችን ያስለቀስከኝን ሁሉ ሽማግሌ ሆነህ፣ ጥርስህ ረግፎ ትክሰኛለህ።

እማማን ጉልበቷን ሳምልኝ። ሲሀምን ስልኩን መልሺ፣ ትምህርትሽን ያዢ በልልኝ። ዓብዱን በርታ፣ አላህ ይስጥህ በልልኝ። ጎረቤታችንን እትዬ ቦሰናን ከነልጆቿ በስም በስማቸው ሰላም በልልኝ። ራውዳና ጀነት ሳያውቁህ ሰላም ይሉሃል።

ደብዳቤውን ይዞልኝ አገር ቤት የሚገባው ኑርዲን የራውዳ ወንድም ነው፤ አንተን ሳያገኝ ወደ ቤቱ እንዳይገባ አደራ ብየዋለሁ። አሁን ይህን ስታነብ አጠገብህ ተቀምጧል። ዓብዱ እንዴት ብዬ ልጠይቀው ብሎ ፈራ፤ እኔም እፈራለሁ፤ ግን እጠይቅሃለሁ። ሳቢር፣ ራስህን ልታጠፋ አስበሃል? አዎ ከሆነ አዎ በለው። አልቆጣህም፣ አላፍርብህም። መልሱን በወረቀት አልፈልግም፤ ቀና በልና ለኑርዲን በአፍህ ንገረው።

እህትህ ኬሪያ
ደማም፣ አል ነኺል
ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.