በቺሎንጎ በር ላይ ስለተሰቀለው ምስክርነቴ

ለተከበሩ አቶ ዌዚ ሉሃንጋ፣ የቺሎንጎ ተራራ ማረፊያ ቤት ሥራ አስኪያጅ፤

የቪፊያ ተራሮች ጭጋግ ጉልበትዎን ሳይነካ፣ ቤተሰብዎም ሳያስነጥስ፣ በሙሉ ጤና እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከእርስዎ ዘንድ ይዤው ከወረድኩት ጉንፋን በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

ስሞታዬን ከማቅረቤ በፊት ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት የደበቅኩትን ጥፋት ልግለጽ። በሩ ላይ በተሰቀለው የእንጨት ሰሌዳ «እዚህ ቤት ሙቅ ውሃ ቀንም ሌትም አይቋረጥም፤ ሌቪሰን ምሲስካ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ» ተብሎ የተጻፈው ሰው እኔ ነኝ፤ ቃሉም ውሸት ነው። ያኔ ከባለቤቴ ከኛምሃንጎ ጋር ሁለት ቀን አርፈን ስንወጣ፣ ከእርስዎ በፊት የነበሩት ሥራ አስኪያጅ የእንግዳ መዝገቡን ዘርግተው፣ እስክሪብቶውን ራሳቸው ከፍተው፣ ፈገግ ብለው አጠገቤ ቆሙ። አጠገቡ ቆሞ ፈገግ በሚልለት ሰው ፊት «ውሃው በረዶ ነበር» ብሎ የሚጽፍ የአገራችን ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ኛምሃንጎ አውቶቡስ ውስጥ ገብታ «ሽማግሌው! እኔ ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ አንተ የማን ቤት ነበር የምትታጠበው?» እያለች እስከ ምዙዙ ከተማ ሳቀችብኝ። እሷ ካረፈች አራት ዓመት ሆነ። ያቺ መስመር ግን ከመዝገብ ወደ ሰሌዳ አድጋ እንደኖረች ያወቅኩት ባለፈው ወር ለሦስት ቀን ስመጣ ነው። የበርዎ ምስክር አድርገው ስለሾሙኝ አመሰግናለሁ።

አንደኛ፤ አልጋው ወደ ግድግዳ ስለሚያዘነብል፣ እንግዳው ግንባሩን ከግድግዳው ጋር እያገናኘ በየሰዓቱ ይነቃል። ለጸሎት መነሣት የሚከብደው ክርስቲያን ካለ ይህን አልጋ እመሰክርለታለሁ፤ ይኸኛው ምስክርነት እንኳ እውነት ነው።

ሁለተኛ፤ ከጣሪያው ሥር ስለተደረደሩልኝ ሦስት ሳፋዎች ምስጋናዬ ይድረስዎ፤ ዝናቡ ሲጠነክር ከመዘምራኖቻችን አንዳንዶቹ ከሚይዙት የተሻለ ምት ይይዛሉ። የወጥ ቤትዎ ባቄላ ግን ጣት ያስቆረጥማል። በረንዳው ላይ ተቀምጬ ጭጋጉ ከጥዱ ላይ ሲገፈፍ ሳይ፣ ከኛምሃንጎ ሞት ወዲህ ሳልቸኩል የተቀመጥኩት ያን ጊዜ ብቻ መሆኑ ታወቀኝ። ይህ ስሞታ አይደለም፤ ሌላ ቦታ ስላጣሁለት ነው እዚህ የጻፍኩት።

ሦስተኛ፤ ውሃው። ውሃው የሚሞቅበትን በርሜል እሳት የሚጠብቀው አቶ ማንጋኒ፣ ምነው ስለው፣ «እንጨቱ እርጥብ ነው አባባ፤ ጭስ ከሆነ የፈለጉት ግን ሞልቷል» አለኝ። የማገዶ እንጨት ማከማቻው ቆርቆሮ ተነቅሎ ለመኪናዎ መጠለያ መዋሉንም አሳየኝ። መኪናዎ ደረቅ መሆኗን አይቼ እጅግ ተደሰትኩ።

አራተኛ፤ ይህ በእርስዎና በእኔ መካከል የሚከፈል ጥፋት ነው። ወይዘሮ ኛቺርዋ የሚባሉ ጡረታ የወጡ አዋላጅ፣ ጉልበታቸውን በሙቅ ውሃ ሊያሹ፣ ሰሌዳውን አምነው ሳምንት ሊቀመጡ ገብተው ነበር። ቁርስ ላይ «ይሄ ምሲስካ የሚሉትን ሽማግሌ ባገኘው፣ በዚሁ ውሃ እንደገና አጠምቀው ነበር!» አሉ። እኔም ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ገንፎዬን ዋጥኩ፤ «እውነትዎን ነው» ማለቴንም ጌታ ሰምቷል። በማግስቱም እንዲሁ አደረግኩ። የቁርባኑን እንጀራ በማድልበት እጅ ማንኪያ ይዤ፣ ዝም ማለትም ያው ሁለተኛ ውሸት መሆኑን እያወቅኩ ዝም አልኩ።

በሦስተኛው ጠዋት «እማማ፣ ምሲስካ እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «እኔስ ይሄን ሰውዬ ምን ሆኖ ነው ገንፎ የሚያንቀው ብያለሁ!» ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ ግን ጉልበታቸውን እያሹ፣ «እኔስ ይቅር ብዬሃለሁ። ነገ ለሚመጣው በሽተኛስ? እዚሁ ገንፎ ይዘህ ልትጠብቀው ነው?» አሉኝ።

እንግዲህ አልጋዎ እስኪቃና፣ ጣሪያዎ እስኪደፈን፣ መኪናዎም ቆርቆሮዋን ለእንጨቱ እስክታካፍል ድረስ ትዕግሥቱን ለእንግዶችዎ፣ ረጅም ዕድሜን ለእርስዎ እየለመንኩ፣ በታላቅ አክብሮትና በመጠነኛ ሳል እሰናበትዎታለሁ።

ያለ ፈቃዱ የተሾመ ምስክርዎ፣
ሌቪሰን ምሲስካ

ማስታወሻ፦ ሰሌዳው የት ገባ ብለው ዘበኛውን እንዳያስጨንቁት። በዚያው ጠዋት እኔ ራሴ ነቅዬ አወረድኩት። በበሩ ክዳን ሥር ስለኖረ በግቢዎ ውስጥ ያለው ደረቅ እንጨት እሱ ብቻ ነበር፤ ስለዚህ ፈልጬ ከበርሜሉ ሥር አነደድኩት፣ ወይዘሮ ኛቺርዋም በሙቅ ውሃ ታጠቡ።