ከፍሪጁ ጀርባ የቀረው መስመር

ጥቅምት 26

አዲሱ ፍሪጅ ዛሬ ገባ። ሦስት ተሸካሚ፣ አንድ ሾፌር፣ እና ቁጭ ብለው እንዴት እንደሚገባ የሚያስተምሩ አምስት ደንበኞች... ከባንኮኒው ጀርባ ሌላ ቦታ ስላልነበረ ሰሌዳው ሥር ተገተረ። የመጨረሻውን መስመር ሸፍኖታል።

ሰሌዳውን የጻፈው ጋሼ ነው። ንግድ ፈቃዱን ሳወጣ፣ መጠጥ ቤት በኃላፊነት ስለ መምራት ሦስት ቀን ሥልጠና ገብቼ ነበር፤ የሰጡንን ስምንት ነጥብ አንድ በአንድ በነጭ ቀለም ጽፎ ሰቀለልኝ። ወንድሜ ስለሆነ የማወድሰው አይደለም፤ የዚህ ሠፈር የሱቅ ማስታወቂያ ግማሹ የእሱ ፊደል ነው።

ሬዲዮ ሰሌዳው ከፍ ይበል አለች። (አስተናጋጄ ናት፤ ስሟን ያገኘችው ከጠዋት እስከ ማታ ስለማትዘጋ ነው።) ግድግዳው ይፈርሳል አልኳት። ደግሞስ እኔ በቃሌ የማውቀውን ማን ሊያነበው?

ጥቅምት 29

ሁለት ሰው መለስኩ። አንዱ መታወቂያ የለውም፣ ጢሙም ገና ነው። ሌላው ደንበኛዬ መካኒኩ። የመኪና ቁልፉን ባንኮኒው ላይ ከጣለ በኋላ የትኛው ብርጭቆ የእሱ እንደሆነ ጠፋው። ውሃ ሰጠሁት፣ ቁልፉን ያዝኩበት፣ ሚስቱ መጥታ ወሰደችው። ሁለቱንም መዝገብ ላይ አሰፈርኩ። ሰዓቱ፣ ያየሁት ምልክት፣ ምክንያቱ፣ ፊርማዬ።

"ዳኛዋ" ይሉኛል። ይበሉኝ። የእኔን መዝገብ የሚያህል ካለ አምጥተው ያሳዩኝ።

ኅዳር 3

መዝገቡ ላይ የጋሼን ገጽ ገልጬ አየሁት። ግንቦት 12።

ያን ቀን ጠዋት ጢሙን ተላጭቶ መጣ። ሳይቀምስ። መዝገቡን አምጪው አለኝ። ማንም ሰው በራሱ ፈቃድ እንዳይሸጥለት ሊጠይቅ ይችላል፣ ሰባተኛው ነጥብ ነው፣ ራሱ ነው የጻፈው።

"ብለምንሽም፣ ባለቅስም፣ ብሰድብሽም አትስጪኝ፣ ሚጣዬ።"

ፈረመ። ከዚያ ወዲህ ጠብታ አልቀመሰም። እጁ መንቀጥቀጥ ተወ። ፊቱ ላይ ሥጋ መጣ። እኔም ላገኘሁት ሰው ሁሉ አወራሁ፣ አፌ መች ያርፋል።

ግን ፊርማው የሚያገለግለው ስድስት ወር ነው። ከዚያ ራሱ መጥቶ እኔ ፊት ካልፈረመ ይሻራል። ቢያዘኝ መከልከል አልችልም። ያድሳል? ወይስ ቀን እየቆጠረ ነው? ልጠይቀው አስብና አፌ ይተሳሰራል። ከጠየቅኩት ያላመንኩት ይመስለዋል። አላመንኩትም እንዴ?

ኅዳር 11

ነገ ነው። መዝገቡን ገልጬ ቀኑን እንደገና ቆጠርኩ።

ኅዳር 12

ጠጥቶ መጣ።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ፣ ገና ወንበር እያወረድን። በሩን ተደግፎ ገባ። ቀኝ እግሩን ይጎትታል። ባንኮኒው ጋ ሲደርስ በእጁ ነክቶ ብርጭቆ ጣለ። ሊጠራኝ ሞከረ፣ ምላሱ እንቢ አለው። ከዚያ ምን ያደርጋል? መዝገቡን ያመለክታል። ደጋግሞ፣ መዝገቡን... ስሜን ሰርዢልኝ ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል? ቀኗን ቆጥሮ፣ ሌላ ቤት ጠጥቶ፣ ነፃ ነኝ ሊለኝ።

ደሜ ፈላ። ሬዲዮ እየሰማች፣ ዳቦ ሊያደርስ የመጣው የዳቦ ቤቱ ሰውዬ እየሰማ፦

"እኔ ሞኟ፣ ሰው ሆነ ብዬ ሳወራ ከረምኩ" አልኩት።

እንባው ወረደ። የመጠጥ እንባ ነው ብዬ ፊቴን አዞርኩ። ሬዲዮ ደግሞ አፉ ጠመም ብሏል እትዬ ትለኛለች። የሰካራም አፍ መቼ ቀና ያውቃል አልኳት።

እንደ ደንቡ ብቻውን አልሰደድኩትም። ባለታክሲውን ጠርቼ፣ አልጋው ላይ አጋድመኸው ና አልኩት። ከዚያ መዝገቡን ሞላሁ። "4:20። አንደበቱ ተሳስሯል፣ ይንገዳገዳል፣ ዕቃ ይጥላል። ምክንያት፦ ሰክሯል። በታክሲ ተሸኝቷል።" ፈረምኩ። አንዲት ፊደል አልተበላሸችም።

ይተኛ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሄጄ የልቤን እነግረዋለሁ።

ኅዳር 13

ጋሼ አልጠጣም ነበር።

ኅዳር 16

የሆስፒታል ኮሪደር። አግዳሚ ወንበር። አጠገቤ አንዲት ሴትዮ ሹራብ ትሠራለች፣ መርፌዎቿ ቀጭ ቀጭ ይላሉ። ካልጻፍኩ እፈነዳለሁ።

ያገኘሁት በአልጋውና በበሩ መሀል ነው። ወለሉ ላይ። አንድ ጫማ አድርጎ። ወደ በሩ ሲሄድ ነበር ማለት ነው። ወደ ማን? ወደ እኔ?

ስትሮክ ነው አሉኝ። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ረግቶ ነው። ሐኪሟ መቼ ጀመረው ብላ ጠየቀችኝ። አራት ሰዓት ከሃያ አልኳት። ሰው እንዲህ ደቂቃ አያውቅም መሰለኝ፣ ቀና ብላ አየችኝ። እንዴት እርግጠኛ ሆኑ?

"ጽፌዋለሁ" አልኳት።

የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት አለ። ከጀመረው በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ከደረሱበት ነው የሚሰጠው። በጣቴ ቆጠርኩ። እስከ ስምንት ሰዓት ከሃምሳ። እኔ ከቤት የተነሳሁት ዘጠኝ ሰዓት ነው።

መጠጥ ሸቶዎት ነበር ወይ አለችኝ። ምን ልበላት? ሃያ ዓመት ሙሉ መጠጥ ቤት ውስጥ የኖረ አፍንጫ ነው ያለኝ። ለእኔ ሁሉም ሰው ይሸታል። መሬቱ፣ ግድግዳው፣ የራሴ ፀጉር ይሸታል። ሬዲዮ አፉ ጠመመ ብላኝ ነበር። ያቺ ለፍላፊ ያልኳት ልጅ አይታለች። እኔ ዳኛዋ አላየሁም።

ኅዳር 19

ነርሱ ልብሱን በፌስታል ሰጠኝ። ሸሚዝ፣ ሱሪ፣ አንድ ጫማ። በደረት ኪሱ ውስጥ የሚወዳት ጥቁር እስክሪብቶና አራት ቦታ የታጠፈች ወረቀት።

"ለተጨማሪ ስድስት ወር እንዳይሸጥልኝ በራሴ ፈቃድ ጠይቄያለሁ።"

በዚያ በሚያምር እጁ። ከሥሯ በማስመሪያ አስምሮባታል። ፊርማው ብቻ ባዶ ነው። እኔ ፊት ነዋ የሚፈርመው፣ ደንቡን ያውቃል።

ሊያድስ ነው የመጣው። እየታመመ፣ እግሩን እየጎተተ፣ ሊያድስ። መዝገቡን አምጪው ነው ያለኝ።

ወይ እኔ... ወይ እኔ።

ኅዳር 27

ቀኝ ጎኑ አልተመለሰም። ከቃል ሁሉ አንዲት ቃል ተርፋለታለች፣ "እሺ"። ሐኪሟ እንዲህ ያጋጥማል አለች። ውሃ ላምጣ? እሺ። አመመህ? እሺ። መስኮቱን ልዝጋው፣ ልክፈተው? እሺ።

ማንም ሳይኖር ጠብቄ እጁን ያዝኩት።

"ጋሼ፣ ይቅር አልከኝ?"

"እሺ።"

ቆይቼ ደግሞ፣ ተቀይመኸኛል አይደል አልኩት። እሺ አለኝ። በተመሳሳይ ድምፅ፣ በተመሳሳይ ዐይን። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ።

ታኅሣሥ 2

ከሬዲዮ ጋር ፍሪጁን ጎትተን አወጣነው። ስምንተኛው መስመር፦ "ሰክሯል ከማለትህ በፊት ታሞ እንደሆነ ጠይቅ።"

ይህን ሲጽፍ መሰላሉ ላይ ሆኖ የሳቀው ትዝ ይለኛል። ማን ታሞ መጠጥ ቤት ይመጣል አለኝ። ዝም ብለህ ጻፍ አልኩት። እኔም ስቄ ነበር።

በቃሌ አውቃለሁ ስል የነበረው ሰባቱን ነው።

ታኅሣሥ 8

ጋሼን ወደ ቤቴ አመጣሁት። ፀሐይ የሚገባበትን ክፍል ሰጠሁት። ከሰዓት በኋላ ከእሱ ጋር ነኝ፣ ቤቱን ሬዲዮ ትይዛለች። እሷ ይሻላል።

ታኅሣሥ 18

የፈቃድ ተቆጣጣሪው መጣ። መነጽራም፣ ትሑት ሰው ነው። መታጠቢያ ቤቱን አየ፣ መውጫውን አየ፣ ሰሌዳውን አነበበ፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ መዝገቡን ገጽ በገጽ። ኅዳር 12 ላይ ቆመ።

ሁለቴ አነበበው። ወንድምዎ ናቸው እንዴ አለኝ። አዎ አልኩ። ራሱን ነቀነቀ። ሰዓቱ በደቂቃ፣ ምልክቱ በዝርዝር፣ አሸኛኘቱ ጭምር፣ ለዚያውም በገዛ ወንድም ላይ፣ በሥራ ዘመኑ እንዲህ ዓይነት አላየም። ለሌሎች ቤቶች ማሠልጠኛ እንድትሆን ገጿን ፎቶ ላነሳት ወይ አለኝ።

"አልሰከረም ነበር" አልኩት።

ስልኩን አስቀመጠ። ሁሉንም ነገርኩት፣ ፍሪጁንም ወረቀቷንም። መነጽሩን አወለቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ መዝገብ አይፋቅም፣ አይቀደድም አለኝ። የተሳሳተው ላይ አንድ መስመር ይሰመርበታል፣ እውነቱ ከጎኑ ይጻፋል፣ ሁለቱም ወገን ይፈርሙበታል። ሲወጣ እጄን በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ታኅሣሥ 24

መካኒኩ እየተንገዳገደ መጣ። አስቀመጥኩት። ሁለት እጅህን አንሳ አልኩት። ፈገግ በል፣ ስምህንና የሚስትህን ስም ንገረኝ። ሁለቱንም እጆቹን ወደ ላይ ሰቅሎ፣ "ዳኛዋ፣ ልትፈትሺኝ ነው?" ብሎ ሳቀብኝ። አፉ ቀጥ ብሏል።

ሰክሮ ብቻ ነው። ሰው ሰክሮ ብቻ በመሆኑ ደስ ይለኝ ጀመር። ውሃ አቀረብኩለት፣ ሚስቱን ጠራሁ፣ ጓዳ ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ።

ጥር 9

ሦስት ሳምንት ስፈራ ቆይቼ ዛሬ መዝገቡን ይዤለት ገባሁ። ትራስ ደግፌ አስቀመጥኩት። ኅዳር 12ን ገለጥኩ። የጻፍኩትን ጮክ ብዬ አነበብኩለት፣ ምልክቱንም፣ ምክንያቱንም። "ሰክሯል" ስል ዐይኑን ጨፈነ። እሺ አላለም።

እሱ እያየ "ሰክሯል" የሚለው ላይ መስመር አሰመርኩበት። ከጎኑ ጻፍኩ፦ "አልሰከረም። ታሞ ነበር። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።" አነበብኩለት። ፈረምኩ።

እስክሪብቶዋን በግራ እጁ ተቀበለኝ። ሠፈሩ ሁሉ የሚያውቀው እጅ አይደለም፣ ሌላው ነው። ልርዳህ ስል በክርኑ ገፋ አደረገኝ። አንዲት ፊደል ጀመረ፣ አቆመ፣ ላቡን ጠረግኩለት፣ ቀጠለ። ፊርማው ከመስመሩ ወጥቶ የገጹ ጫፍ ላይ ደረሰ። እኔ ስንት ዓመት ሱቅ በር ላይ በፊደሉ ስኮራ የኖርኩበት ሰውዬ ነው።

አለቀ ብዬ መዝገቡን ልወስድ ስል ያዘብኝ። በአንድ እጁ ገጹን መገልበጥ ጀመረ፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ... እስከ ግንቦት። የራሱ ገጽ። ከፊርማው ሥር ያለችውን ባዶ መስመር በእስክሪብቶዋ ጫፍ ነካት። አየኝ።

"ልታድስ ነው?" አልኩት።

"እሺ።"

ይህን እሺ አወቅሁት።

ደግሞ ፈረመ። ቀስ ብሎ፣ እየጎበጠ። የቀኑን ቦታ ግን አልቻለውም፣ እጁ ዛለ። እኔ ልሙላልህ ብዬ ወሰድኩለት። በዚህ መዝገብ ላይ አንድም ቀን ከደንብ ወጥቼ ጽፌ አላውቅም። የዛሬን ቀን አልጻፍኩም። ኅዳር 12 ብዬ ጻፍኩ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ። የመጣው ያን ቀን ነው።