የአድማሴ መሐላና የእኔ ዋስነት

ኅዳር 24 ቀን 1956

ወንድሟን በግዝት አስራ ከኳስ የከለከለችው ውብአየሁ ናት ይባላል አሉ። ውሸት ነው። እኔ ማንንም አላሰርሁም። ራሱ ማለ፤ እኔ ዋስ ሆንሁ። ሁለቱ አንድ አይደለም። ወሬ የሚያወራ ሰው ቢያንስ ማን እንደማለ ለይቶ ያውራ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ ወንድሜ አድማሴ አዲስ አበባ የአንድ ጦር ክፍል የኳስ ቡድን ሲያሠለጥን ኖረ። ደመወዝ የሚበላ አሠልጣኝ። ዕድሜው ሲገፋ በክብር ሸኙት... ማለትም በወጣት ተኩት። ሻንጣውን ይዞ ዳንግላ እኔ ቤት ገባ። በጥቅምት የጊዮርጊስ ማኅበራችን ላይ ተነሥቶ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ዳግመኛ ቡድን ባሠለጥን ጊዮርጊስ ይፍረድብኝ» አለ። ማኅበሩ መሐላ ያለ ዋስ አይቀበልም። ዋስ ጥራ ሲሉት ወደ እኔ ዞረ።

«እትዬ፣ አንቺ ሁኚኝ። ራሴን አላምነውም።»

ሆንሁለት።

መሐላው ቢፈርስ የሚቀጣው ዋሱ ነው። ድንጋይ ተሸክሞ ይገባል፣ በደጃፍ ይቀመጣል፣ ጽዋ አይደርሰውም፤ ይቅር እስኪባል ድረስ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ በደጃፍ ተቀምጬ አላውቅም። ጎረቤቴ እታለማሁ ተቀምጣ ታውቃለች፤ ለዚህም ነው የሌላውን ሰው ተራ የምትናፍቀው። ወሬውን የነዛችው እሷ ናት። ትናንት በማኅበሩ ላይ ስታየኝ ፈገግ አለች። ጥርሷን ቆጥባ ብትይዝ ይሻላት ነበር፤ የቀራት ጥቂት ነው።

ኅዳር 29

መምህር አዝመራው መጣ። የትምህርት ቤቱ አስተማሪ ነው፤ የከተማውን ጎረምሶች ሰብስቦ የኳስ ቡድን አቋቁሟል። የጫማውን ጭቃ ሳያራግፍ ገባ። አስተማሪ!

«እሜቴ፣ ለጥር ጊዮርጊስ እንጅባራ እንሄዳለን። ከፈረሱ ጨዋታ በኋላ ከእነሱ ጋር እንጋጠማለን።»

«ተጋጠሙ።»

«አሠልጣኝ የለንማ።»

«አንተ ምንድን ነህ?»

«እኔማ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ።»

ይህን ማወቁም አንድ ነገር ነው።

«ጋሼ አድማሴ አንድ ቀን ብቻ ቢያዩልን... ለአንድ ቀን እንኳ...»

አድማሴ ጓዳ ሆኖ ይሰማል። ትንፋሹ ሳይቀር ጠፋ።

«መሐላ አለበት» አልሁት። «መሐላ ደግሞ እንደ ኳስ በእግር አይለጋም።»

እጅ ነሥቶ ወጣ። ጭቃው ቀረልኝ።

ታኅሣሥ 2

አድማሴ ዶሮዎቹን ወደ ቤት ሲያስገባ ሰማሁት። «ቀይዋ፣ በቀኝ በኩል! ክፍት ቦታ ያዢ!» ዶሮዋ አልታዘዘችውም። ከእሱ እሷ አስተዋይ ናት።

ታኅሣሥ 7

ጡረታ የወጣ አሠልጣኝ ተመልሶ ያሠለጥናል ወይስ አያሠለጥንም? የጠላ ቤቱ ክርክር ሁሉ ይህ ሆኗል አሉ። ገብሱ አውድማ ላይ ተቆልሎ ሳለ! ሌላ የሚያከራክር ነገር ቢኖራቸው ነበር የሚገርመኝ።

እኔ ይመለሳል ባይ ነኝ። ስንቱን አየሁ። ዳኝነት በቃኝ ያለው ሰውዬ ዛሬ መንገድ ላይ ሁለት ሴቶች ሲነጋገሩ ካየ ቆሞ ይዳኛል። ማጨት ተውሁ ያለችው ሴት ልቅሶ ቤት ተቀምጣ ልጃገረድ ስትመርጥ አይቻታለሁ። ማኅሌት በቃኝ ያሉት መሪጌታ ከውጭ ቆመው የሌላውን ዜማ ያርማሉ። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ። ሥራው ናፍቋቸው ነው ይላል የዋህ ሰው። አይደለም። የሚታዘዛቸው ሰው ናፍቋቸው ነው።

ግን እነዚህ ዋስ አላቆሙም። ቢመለሱ የሚያፍሩት ራሳቸው ናቸው። የእኔው ሞኝ የማለው በእኔ ዋስነት ነው። አባቴ ዳዊት ሲያስደግሙኝ አንዲት ቃል ብስት መዳፌን በአርጩሜ ያቀሉት ነበር። ቃል ማለት ለእኔ እንዲያ ነው፤ መዳፌ ያውቀዋል። አድማሴ የመጨረሻ ልጅ ስለሆነ አልተመታም። ያስታውቃል።

ታኅሣሥ 13

የጫግኒ ልጆች በእህል መኪና ተጭነው መጡ። ለመለማመጃ ግጥሚያ ነው ተባለ። አድማሴ «ሰው ይገፋሻል፣ ላጅብሽ» አለኝ። እኔ እሄዳለሁ አላልሁም ነበር። ሄድሁ።

ሜዳው ዙሪያውን በሰው ተከቧል። የእኛዎቹ ሁሉም የፈረሰኛ ልጆች ናቸው። ኳስ እግራቸው ሥር ከገባች ወደፊት ብቻ። ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ እየጮኹ። በረኛው ሳይቀር! የጫግኒ ልጆች ዝም ብለው ይጠብቋቸውና ይነጥቋቸዋል፤ ከዚያ ጎል። ዳር የቆሙት የጫግኒ ሰዎች ይሳለቃሉ።

«የዳንግላ ፈረስ ልጓም የለውም! ማን ፈታው!»

አድማሴ ጎኔ ቆሞ ጉልበቱን ያሻል።

«እትዬ፣ ወደኋላ ማቀበል አያውቁም...»

«ዝም በል። መሐላ አለብህ።»

ነጋ የሚባለው የወፍጮ ቤቱ ሠራተኛ ኳስ ይዞ ተከበበ። መምህር አዝመራው «ወደኋላ! ወደኋላ ስጥ!» ብሎ ይጮሃል። ነጋ ቆሞ መለሰለት፤ ኳሷን ረግጦ!

«ጀርባዬን ለጫግኒ ሰው ላሳይ? ሞቼ ነው!»

ሕዝቡ አጨበጨበለት። ለዚህ! ደም ፍላት አናቴ ላይ ወጣ። ሟቹ ባሌ ፈረሰኛ ነበር፤ ጉግስ ምን እንደሆነ ከዚህ ሁሉ ጎረምሳ እኔ አውቃለሁ።

«አንተ የወፍጮ አቧራ!» አልሁት። «በጉግስ ሳይሸሽ ያሳደደ ማን አለ? አባትህ ጋሻውን ጀርባው ላይ ጥሎ ይሸሽ አልነበረም? አስከትሎ፣ አስከትሎ፣ ከዚያ አይደለም ወይ ፈረሱን የሚያዞረው? መሸሽ የማያውቅ ፈረሰኛ በሬ ላይ ይቀመጥ!»

ነጋ አፉን ከፍቶ ያየኛል። አፉን እንደከፈተ ኳሷን ወሰዱበት።

አድማሴ ቀስ ብሎ «አሁን አሠለጠንሽ» አለኝ።

«አላሠለጠንሁም። ሰደብሁ።»

አራት ለባዶ ተሸነፉ። ይገባቸዋል።

ታኅሣሥ 14

«ያንን የጉግሱን ነገር ድገሚልኝ» አለኝ ምሳ ላይ። አልደግምም አልሁት።

ደገምሁለት። ሽሮው ቀዘቀዘ።

ታኅሣሥ 19

ዛሬ ያየሁትን መጻፍ ያሳፍራል። እጽፈዋለሁ።

ባሕር ዛፌን የሚቆርጥ ሌባ አለ ስለተባለ ከቤቱ በላይ ወዳሉት ዛፎች ወጣሁ። ከዛፉ ባሻገር ባለው መስክ ጎረምሶቹ ይጫወታሉ፤ አዝመራው መካከላቸው ቆሟል። ግን ልጆቹን አያይም። ወደ ዛፎቹ ያያል። ምን ያያል? ቀረብሁ። አንድ ሰው ከግንድ ጀርባ ቆሞ ጋቢውን በቀኝ ያነሣል፤ አዝመራው «በቀኝ!» ይላል። ጋቢውን ይጥላል፤ አዝመራው «ወደኋላ!» ይላል። ነጋም ወደኋላ ይሰጣል። ጀርባውን አዙሮ! ሳይሞት!

ጋቢው እኔ የፈተልሁት ነው።

አድማሴ ሲያየኝ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሣሩ ላይ ተኛ። ሽበታም ሰው፣ እንደ ጥንቸል።

«ምን ትሠራለህ?»

«እንጨት... እንጨትሽን እየጠበቅሁ ነው።»

«ተኝተህ?»

ተነሣ። ጋቢው ላይ ቅጠል ተለጥፏል።

«ስምሽ እንዳይነሣ ብዬ ነው፣ እትዬ። አንድም ሰው አላየኝም። አዝመራውም አይናገርም። ለእንጅባራው ጨዋታ ብቻ...»

የእንጨት ሌባ ባገኝ ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር።

ታኅሣሥ 20

ቀኑን ሙሉ አላናገርሁትም። ብርጭቆ ሲይዝ እጁ ይንቀጠቀጣል። ትናንት ጋቢውን ሲያነሣ ግን አልተንቀጠቀጠም። ይህን ባላየሁት ይሻለኝ ነበር።

ዝም ብል ማንም አያውቅም። ጥር ያልፋል፣ ማኅበሩም በወግ በወጉ እየተቀመጠ ይጠጣል፣ እኔም በቦታዬ። ታዲያ ምን ይቆጠቁጠኛል? ይህ ነው፦ ወንድሜ የእኔን ስም እጠብቃለሁ ብሎ ዛፍ ለዛፍ ይሽሎከለካል። በእኔ ስም ይዋሻል። በእኔ ስም መሬት ላይ ይተኛል። ሰው ተኝቶ የሚጠብቀው ስም ምን ዓይነት ስም ነው?

እታለማሁ ብታውቅ ትስቃለች ብዬ ነው የፈራሁት? እኔ? እሷን?

ታኅሣሥ 22

ዛሬ አስቀመጥሁት።

«ታሠለጥናለህ ወይስ አታሠለጥንም?»

«መሐላው እኮ...»

«መሐላው ፈርሷል። ጋቢ እያውለበለብህ ያፈረስኸው አንተ ነህ። ስትምል ሞኝ ነበርህ፤ አሁን ደግሞ ፈሪ ሆንህ። ከሁለቱ ሞኙን እመርጣለሁ።»

የጋቢውን ጫፍ ይጠቀልላል፣ ይፈታል። እኔም አላገዝሁትም።

«አሠለጥናለሁ» አለ። «ሌላ ነገር አላውቅም፣ እትዬ። ሞከርሁ። ገብስ መውቃትም ሞከርሁ።»

«ገብሱን አይቻለሁ።»

«ነገ እኮ ማኅበር ነው። አንቺን በደጃፍ ሊያስቀምጡሽ...»

«ዋስ የሆንሁት ትርጉሙን ሳላውቅ መሰለህ?»

ዓይኑ እንባ አቀረረ። ማልቀስ ካማረህ ውጭ ውጣ አልሁት። ወጣ።

ይመለሳል ብዬ ጽፌ ነበር። ተመለሰ። ትክክል ነበርሁ። ምን ጠቀመኝ?

ነገ መጀመሪያ አድማሴን እቀሰቅሳለሁ። ወደ ሜዳ የሚሄደው በዛፎቹ ጀርባ አይደለም፤ በገበያው መካከል፣ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ። ከበር ላይ ቆሜ አያለሁ።

ከዚያ ንጹሑን ቀሚሴን እለብሳለሁ። ወደ ቅጣት የሚሄድ ሰው እድፋም ልብስ ለብሶ እዘኑልኝ አይልም።

ከዚያ ድንጋይ። ከአጥሩ ሥር ያለውን፣ ትልቁን። ተሸክሜው ልሄድ እንደምችል ዛሬ አንሥቼ ሞክሬዋለሁ። ወገቤ ይጮኻል፤ ይጩህ።

ከዚያ ማኅበርተኛው ሳይሞላ ደርሼ፣ የማኅበሩ አለቃ ሙሴው ሳይጠይቀኝ፣ «የአድማሴ መሐላ ፈርሷል፤ ዋሱ እኔ ነኝ» እላለሁ። ምክንያት አልጨምርበትም።

ከዚያ በደጃፍ እቀመጣለሁ። ቀጥ ብዬ።