የፋርማሲስቷ ልጅ ባንዲራ

ልጄ፣ የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ፤ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። እኛ ደህና ነን። የአባትሽ ጉልበት ተሽሎት ደረጃውን ብቻውን ይወጣል። የስፌት መኪናዬም ቀበቶዋ ተቀይሮላት እንደ ድሮዋ ትሮጣለች።

አንድ ነገር ግን አንጀቴን አሳርሮታል። በስልክ ያልነገርኩሽ አባትሽ ሰምቶ እንዳይስቅብኝ ነው። የጎረቤታችን የፋርማሲስቷ ልጅ፣ እንዳንቺው ውጭ ያለው፣ ባንዲራ ለብሶ "ለአገሬ እሞታለሁ" እያለ በየቀኑ ፌስቡክ ላይ ይወጣል። ሰፈሩ እናቱን "አርበኛ ወለድሽ" ይላታል። ዳቦ ቤት ሰልፍ እንኳ ያስቀድሟታል። ያንን ባንዲራ የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ማን ሰፋው ብሎ የጠየቀ ግን የለም። ይባስ ብለው "ያንቺዋስ አገሯን ረሳች እንዴ?" ይሉኛል። ከትናንት ወዲያ ወረቀት ያነሳሁት አንቺም አንድ ባንዲራ ለጥፊልኝ ልልሽ ነበር።

ትናንት ግን ፋርማሲስቷ ራሷ ቀሚስ ልታሳጥር መጣች። ተንበርክኬ ጫፉን ስለካላት፣

"እህቴ፣ እሁድ ልጅሽ ስትደውል መጥቼ ድምጿን ልስማ?" አለችኝ።

ስፒሉን ከአፌ አውጥቼ "ያንቺው ጀግናስ?" አልኳት።

"የእኔንማ እንደ ሰው ሁሉ ስልክ ላይ ነው የማየው። ከደወለልኝ ስምንት ወሩ" አለች።

ቀሚሱን ሳላስከፍል ሰጠኋት።

ባንዲራው ይቅርብኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፤ የወጣሽበት መንገድ በደህና ይመልስሽ። እሁድ ስትደውዪ ሴትዮዋን ሰላም በያት። ብቻ አታርዝሚው፤ ሰዓቱ የእኔ ነው።

እናትሽ