ስለ ወንዙ የምትላክ አንዲት መስመር

ለክቡር ሚስተር ብራድሌይ ቶርስተን፣
የኦተር ቤንድ ከተማ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን ጤና፣ ይልቁንም ኮረብታው ላይ ያለውን፣ ውሃ የማይደርስበትን ቤትዎን ደኅንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ ሎርን ኩዚክ፣ ሃያ ስድስት ዓመት የከተማዋን የውሃ ፓምፕ ጠብቄ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ።

፩ኛ፦ በየማለዳው የወንዙን ከፍታ ከድልድዩ መለኪያ አንብቦ ለአርባ አንድ ቤቶች ኢሜይል የሚልክ፣ አሥራ ሁለት መስመር የሆነ፣ ስክሪፕት የሚሉት አጭር የኮምፒውተር ትእዛዝ ጽፌ በከተማው ኮምፒውተር ላይ ትቼ ነበር። መልእክቱም «ወንዙ አራት ሜትር ደርሷል፤ ምድር ቤት አትውረዱ» ከማለት አያልፍም። ክቡርነትዎ በማርች ወር ቢሮዎ አስጠርተው፣ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ኢሜይል አይባልም። ዓርማ የለው፣ ቀለም የለው። ከተማዋን እያስናቋት ነው» ብለው አስተምረውኝ አስዘጉት። ለትምህርቱ አመሰግናለሁ።

፪ኛ፦ በምትኩ ያዘጋጁት፣ የክቡርነትዎን ፈገግታ የያዘው ባለቀለም መልእክት ኤፕሪል አሥራ አራት ጠዋት ተልኮ፣ በሠላሳ ስምንት ቤቶች በቀጥታ ማንም ወደማይከፍተው የአይፈለጌ መልእክት ሣጥን ገባ። የጎርፉ ወሬ ከአበባ ውድድሩ ማስታወቂያ በታች ነበር።

፫ኛ፦ ሚስዝ ኢዲት ፎንቴን የሰማንያ ሦስት ዓመት ባልቴት ናቸው። በዚያን ቀን ከምሳ በኋላ ምድር ቤት ወርደው ልብስ ሲያጥቡ ውሃው በመስኮት ገባባቸው። እኔ ወንዙን በዓይኔ አይቼ በየቤቱ እየሮጥኩ ሳንኳኳ መልስ ያጣሁት እሳቸው ቤት ነው። በሩን ሰብሬ ስገባ በረዶ በሚመስል ውሃ ውስጥ እስከ ወገባቸው ቆመው የደረጃውን መደገፊያ ጨብጠዋል። ተሸክሜያቸው ስወጣ በጆሮዬ፣ «ሎርን፣ ዛሬ እንኳ ምነው ሳትልክልኝ ቀረህ?» አሉኝ። እንደዚያ ያፈርኩበት ቀን የለም። ነፍሳቸው ተርፋለች፤ ሳንባቸው ግን ስለታመመ ወደ ቤታቸው አልተመለሱም።

ክቡርነትዎ በማግሥቱ ዓይንዎን በጨው አጥበው ለጋዜጣ «መልእክታችን በሰዓቱ ደርሷል» በማለትዎ፣ ሰው ምን ያህል ሊደፍር እንደሚችል ስላሳዩን ምስጋናችን ወሰን የለውም።

ረጅም ዕድሜን ከጥቂት ኀፍረት ጋር አብሮ እንዲሰጥዎ የሚጸልይ፣
ሎርን ኩዚክ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ስክሪፕቷ አሁን ከራሴ ቤት ትልካለች። ማክሰኞ ዕለት ከግል አድራሻዎ «የእናቴን ስም ጨምርልኝ፤ በእኛ መካከል ይቅር» ብለው የጻፉልኝ ደርሶኛል። እናትዎን መዝግቤያለሁ። ምስጢሩም ከዚህ ደብዳቤ አንባቢዎች፣ ማለትም ግልባጩ ከሚደርሳቸው አርባ አንድ ቤቶች አያልፍም።